ሽሮው ማነው?



ማኅበራችን የሥነ ጽሑፍ ምሽት እንደሚያዘጋጅ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በለጠፈ ጊዜ፣ ግጥም አለኝ የሚል ሁሉ ጽሑፉን ለመራጮች እንዲያቀርብ ተጠይቆ ነበር። እኔም አለኝ ከሚሉት አንዱ ነኝና ሦስት ግጥሞች በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠሁ። ሦስቱም የቀልድ ግጥሞች ነበሩ። በሳምንቱ ሦስቱም ተመለሱልኝ። በአንደኛው ራስጌ ላይ “ቀልድ ስለ ሆነ ለመድረክ አይመጥንም” ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው ላይ “የታላላቅ ደራስያንን ሥራ ማቃለል ነውር ነው” ይላል። በሦስተኛው ግርጌ ግን በቀይ እስክሪፕቶ የተጻፈችው አንዲት አጭር ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ “ሽሮው ማነው?”

ጥያቄዋን ያስነሣችው ስንኝ ይህች ናት፤

ዶሮን አባረረ፣ ሥጋን ሁሉ ሽሮ፣
ሰባት ቀን ነገሠ በእኛ ላይ ሽሮ።

ይህችን ስጽፍ በዓይነ ሕሊናዬ የነበረው የተማሪዎች ምግብ ቤት ነው፤ ሌላ ማንም አልነበረም። ጨዋታው አንዲት ቃል ሁለት ልብስ በመልበሷ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሽሮ “ሻረ” ከሚለው ግሥ የተወለደ ነው፤ ሹመትን ማንሣት፣ ሕግን ማፍረስ ማለት ነው። ሁለተኛው ሽሮ ሁላችንም በየቀኑ የምናውቀው፣ ከሽምብራና ከአተር የሚፈጨው፣ ሰኞም እሑድም የማይቀረው ወጥ ነው። አንዱ ሥጋን ከወንበሩ ያወርዳል፤ ሌላው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። መራጩ ግን ሰሙን በአንድ እርምጃ ተሻግሮ ወርቅ ሲቆፍር ዋለ፤ ወርቁንም ባጣው ጊዜ የደበቅሁት መስሎት ቃሌን እንድሰጥ ጠየቀኝ። ቃሌን እነሆ እሰጣለሁ፤ ሽሮው ሽሮ ነው።

በነገሩ አልተናደድሁም ብል ውሸት ይሆናል። ዳሩ ግን ብዕር ያነሣሁት ለሦስት ወረቀቶች ስል አይደለም። በሦስቱ ወረቀቶች ላይ የተጻፉት ሦስት አሳቦች የመራጮቹ ብቻ ሳይሆኑ በግቢያችን በሰፊው የሚታመንባቸው አሳቦች መሆናቸውን ስለማውቅ ነው። መምህራን በክፍል፣ ተማሪዎችም በሻይ ቤት ይናገሯቸዋል። እንግዲህ በበኩሌ የማምነውን በግልጽ እናገራለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለም ይህቺው በማባዣ የምትወጣ ወረቀታችን ለሁላችን ክፍት ናት።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ ቀልድ ለመድረክ አይመጥንም ስለሚለው።

የተማሪ ግጥም በአገራችን ታላቅ ስም ያለው ነገር ነው። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን “ደሃው ይናገራል” በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲነበብ፣ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የገሞራው “በረከተ መርገም” ሲሰማ፣ ግጥም የተማሪው አፍ ሆኖ ነበር። ያን ታሪክ የማያከብር ተማሪ የለም፤ እኔም አከብራለሁ። የሚያሳዝነኝ ከእነዚያ ሰዎች የወረስነው ምን እንደ ሆነ ስመለከት ነው። ድፍረታቸውን ትተን የግንባራቸውን መኮማተር ብቻ ወረስን። ዛሬ በግቢያችን የግጥም ምሽት ተብሎ ስንጠራ የምናየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መብራቱ ይደበዝዛል፤ ዋሽንት ከቴፕ ይለቀቃል፤ ገጣሚው ወረቀቱን ይዞ ይወጣና ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ያለቅሳል። አገር ታለቅሳለች፣ እናት ታለቅሳለች፣ ጨረቃ ታለቅሳለች። እንባ ከአበባ ጋር ቤት ስለሚመታ ብቻ ስንት አበባ ያለ ጥፋቱ ተለቀሰበት! አድማጩም ጨዋ ነውና ራሱን ይነቀንቃል። ወደ ዶርሚቶሪው ሲመለስ ግን አንዲት ስንኝ እንኳ በቃሉ ይዞ የሚሄድ አላየሁም።

ቁጣና ሐዘን አይጻፍ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ማለቴ፣ “በረከተ መርገም” የሚለውን ርእስ እንኳ ብንመለከት፣ በረከትንና እርግማንን በአንድ ገመድ አስሮ የሚጎትት የቃል ጨዋታ ነው። የተቈጣ ሰውም ይጫወታል። የማይጫወት ቁጣ ጩኸት ሆኖ ይቀራል።

በቤተ ክህነት በኩል እንዲያውም ነገሩ ከዚህ የጠነከረ ነው። የ19ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የነበሩትን የፎገራውን አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የምናውቃቸው ግን በምንድን ነው? በቀልዳቸው። የእሳቸው የሆነውም ያልሆነውም፣ ትናንት በታክሲ ውስጥ የተፈጠረው ቀልድ ሳይቀር በስማቸው ይነገራል። ያው ሰው ግን በቤተ ክርስቲያን ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም እየተባለ ዛሬም በየበዓሉ ካህናት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚያሸበሽቡበት ሥርዓት የእሳቸው ፍሬ ነው። በአፉ አገርን የሚያስቅ ሰው ለእግዚአብሔር ምስጋና አዲስ እንቅስቃሴ ሲፈጥር ሊቃውንቱ “ቀልደኛ ነህና አይመጥንም” ብለው ወረቀቱን አልመለሱለትም። የእኛ መራጮች ከደብተራዎቹ ይልቅ ጥብቅ ሆነው መገኘታቸው ያስገርማል።

ሌላም ልጨምር። በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም “ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ” የተባለውን ድርሰት አዘጋጅተው በአዲስ አበባ አሳዩ። በዘመናዊው አሠራር የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴያትር እየተባለ የሚጠቀሰው እሱ ነው። እንግዲህ የአገራችን ቴያትር በዋይታ አልተጀመረም፤ በአውሬዎች ቀልድ ተጀመረ። ቀልዱም ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች የተወሰደ ነበር፤ ላ ፎንቴንም ከኤዞጵ የወሰደ ነበር፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሥራ አንሥቶ በራሱ አገር ልብስ አልብሶ ማሳየቱ ከመነሻው የነበረ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያ ድርሰት ታገደ። መኳንንቱ በአውሬዎቹ ፊት የገዛ መልካቸውን አይተው ነበርና። ቀልድ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር?

አሁን ወደ ሁለተኛው አሳብ እመጣለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የምከራከረው በዚህ ላይ ነው።

ፈረንጆች ፓሮዲ የሚሉት የግጥም ዓይነት አለ። የታወቀ ደራሲን አካሄድ፣ ምት፣ የሚወዳቸውን ቃላት ሁሉ ወስዶ፣ ሌላ የማይጠበቅ ነገር ይጭንበታል። ይህን በአማርኛ ምን እንበለው? “ማስመሰል” ብንል ሐሰት ይመስላል፤ “ኩረጃ” ብንል ፈተና ተቈጣጣሪ ይመጣብናል። እኔ “ግልባጭ” ብየዋለሁ። ገለበጠ ማለት እንዳለ ቀዳ ማለት ነው፤ ገለበጠ ማለት ደግሞ ታቹን ላይ፣ ላዩን ታች አደረገ ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ካልተደረጉ ግልባጭ አይሆንም። ሳይቀዳ የሚገለብጥ ተሳዳቢ ነው፤ ሳይገለብጥ የሚቀዳ ደግሞ ሌባ ነው።

የእኔ ሁለተኛ ግጥም የአንድ ታላቅ ባለቅኔያችንን አካሄድ ገልብጦ ስለ መመዝገቢያ ቀን ሰልፍ የሚናገር ነበር። መራጮቹ ነውር ነው አሉ። እስቲ ነውሩን እንዴት እንደ ፈጸምሁት ልናዘዝ። በመጀመሪያ የባለቅኔውን ግጥም በቃሌ አጠናሁ። ቀጥሎ እያንዳንዷን ሐረግ በጣቴ ቆጠርሁ፤ ባለ ስድስት ስድስት ቀለም፣ የታወቀው የወል ቤት ነው። ሲቆጠር ግን አንዳንድ ቦታ ሰውየው ሐረጉን ሆን ብሎ ያጐድለዋል፤ አንባቢው እንዲደናቀፍ፣ ተደናቅፎም እንዲያስብ። ይህን ነገር ያንኑ ግጥም በክፍል ስንማር ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አላየሁትም። ለፈተና ያነበብሁትን ከፈተናው ማግስት ረሳሁት፤ ለመገልበጥ ያነበብሁትን ግን ዛሬ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ። አንድን ደራሲ ለማቃለል ብሎ ሦስት ሳምንት ከመጽሐፉ ጋር የሚያድር ሰው የት ይገኛል? የሚያቃልለውስ ስሙን በንግግር ውስጥ እየጠራ አንድ ገጹን ያላነበበው ነው፤ እርሱም በየምሽቱ የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

በቅኔ ቤት ያለፉ ወንድሞቻችን ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ተማሪው መጀመሪያ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ፣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ቃሉና ምስጢሩ አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የራሴ ነው የሚል ያፍራል። ዜማውና ልኩ ግን ከጥንት የተወረሰ ነው። አዲሱ ነገር ሁሉ በአሮጌው ማድጋ ይቀርባል። ደግሞስ ቅኔ ማቅረብን አባቶች ምን ብለው ጠሩት? ቅኔ መዝረፍ አሉት! ቅኔ ይዘረፋል እንጂ አይሰረቅም። ዘራፊ በቀን፣ በአደባባይ፣ ባለቤቱ እያየው ይወስዳል። ግልባጭም እንዲሁ ነው፤ ዋናውን የማያውቅ ሰው አይስቅበትም፤ ስለዚህ ጸሓፊው ምንጩን ለመደበቅ ምክንያት የለውም፤ እንዲያውም ካልታወቀበት ድካሙ ከንቱ ነው።

በባሕር ማዶ የሆነውንም ልጥቀስ፤ ምክንያቱም መራጮቻችን ከባሕር ማዶ ሲመጣ ያምናሉ። እንግሊዛዊው ሉዊስ ካሮል በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአሊስ ታሪክ ውስጥ የሳውዚንና የዋትስን የምክር ግጥሞች ገልብጧቸዋል። እነዚያ ግጥሞች በዘመኑ ሕፃናት በትምህርት ቤት እንዲወጧቸው የሚገደዱባቸው ነበሩ። ዛሬ የዋናዎቹን ግጥሞች ስም የሚያስታውሳቸው አብዛኛው ሰው በግልባጮቹ ምክንያት ነው። ማን ማንን አቃለለ? እኔ እንደሚመስለኝ ካሮል ለሁለቱ ሰዎች ከሐውልት የተሻለ ነገር አቆመላቸው፤ ሐውልት አይዘመርምና።

የአንድን ሰው ግጥም ብቻ ሳይሆን አንድን ሙሉ የግጥም ዓይነትም መገልበጥ ይቻላል። ፉከራን እንውሰድ። ፉከራ የጀግና ንግግር ነው፤ ጠላት ማርኮ የተመለሰ ሰው “ዘራፍ!” እያለ ሥራውን ይቈጥራል። የዛሬው ተማሪ ግን የሚዘምተው ወዴት ነው? ሰልፍ የሚባለው ቃል በአባቶቻችን አፍ ጦርነት ነበር፤ በእኛ አፍ የምሳ ተራ መጠበቂያ ሆነ። ቃሏ ራሷ ቀልዱን ጽፋ ጨርሳለች፤ እኔ ቤት ብቻ አስመታኋት፤

ሰልፉ ላይ የዋለ በትሪው መክቶ፣
ምሳውን ማረከ እስከ ዘጠኝ ዘምቶ።

ይህን ለአንድ አረጋዊ ዘመዴ አነበብሁላቸው። ፉከራ በእውነተኛ ቦታው ሲባል የሰሙ ሰው ናቸውና ይቈጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳቁና ዝም አሉ፤ ከዚያ “እውነት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆማላችሁ?” ሲሉ ጠየቁኝ። የምግብ ቤቱን አስተዳደር በአሥር ገጽ አቤቱታ ያላሳሰብነውን ነገር ሁለት ስንኝ አሳሰበቻቸው። የሳቁት በጀግኖች አልነበረም፤ በእኛ ነው።

ስለ አክብሮት ከተነሣ አንድ ሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ መንግሥቱ ለማን። የቅኔ ሊቅ የነበሩት የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው፤ በሎንዶን ተምሯል፤ የአባቱን ትዝታ ከአፋቸው ተቀብሎ በመጽሐፍ ያወጣልንም እሱ ነው። ሁለቱን ትምህርት በአንድ ራስ የያዘ ሰው ምን ጻፈ? ኮሜዲ ጻፈ። “ጠልፎ በኪሴ” የሚለውን ርእስ ተመልከቱ፤ ጠለፈ የሚለው ግሥ በአንድ በኩል ጥልፍን፣ በሌላ በኩል ጠለፋን ይወልዳል፤ ተመልካቹ ገና መጋረጃው ሳይገለጥ በመርፌና በወንጀል መካከል ቆሟል። “ባሻ አሸብር በአሜሪካ” የተባለውን ግጥሙን የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ በባሻ ይስቃል፤ ሳቁን ሳይጨርስ በቀለም ልዩነት ምክንያት ሰውን ከሰው የሚለየው የአሜሪካ ሥርዓት ፊቱ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ሳቁ ወደ ውስጥ ይገባና እዚያው ይመራል። ይህን በእንባ ግጥም የሚያደርግ ካለ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ለዚህ ሰው መታሰቢያ ብዬ የጻፍኋት ስንኝ በተመለሰችው በመጀመሪያዋ ወረቀት ላይ ነበረች፤

ስንቱ ዙፋን ይዞ አገር ሳያለማ፣
በሳቅ ብቻ ገዝቶ መንግሥቱማ ለማ።

የሌላውን መንግሥቱ ዘመን ያዩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ይስቃሉ። ያላዩትም አንድ ጊዜ ይበቃቸዋል። ይህች ስንኝ ምስጋና ናት ወይስ ቀልድ? ሁለቱንም ናት። ምስጋና ሁልጊዜ በጥቁር ልብስ መምጣት አለበት ያለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ለሙያው ፍቅር ላላቸው ጥቂት ልበል፤ ሌላው ሰው ቢፈልግ ይለፈው። የቃል ጨዋታ ከባድ ሥራ ነው፤ በአማርኛም ከባድነቱ ልዩ ነው። ፊደላችን ጥብቀትንና ልስላሴን አያሳይም። “ገና ነው” ብዬ ብጽፍ አንባቢው የልደት በዓል ነው ሊል ይችላል፤ ጊዜው አልደረሰም ሊልም ይችላል፤ ድምፄን አውጥቼ ካነበብሁት ግን አንዱ ወዲያው ይሞታል። “ይበላል” የሚለውም እንዲሁ፤ በወረቀት ላይ በይውንና ተበይውን አንድ ያደርጋል፤ በመድረክ ላይ ይለያቸዋል። ስለዚህ ለወረቀት የተሠራ ጨዋታ ለመድረክ ላይሆን ይችላል። ሽሮ፣ ሰልፍ፣ ለማ በዓይንም በጆሮም የሚሠሩ ናቸው፤ እነዚህን ለማግኘት ነው ሌሊት የሚፈጀው። ከሁሉ የምወዳት ግን “ቤት” የምትለዋ ቃል ናት። የግጥም መምቻ ቤት ናት፤ የመኖሪያ ቤትም ናት፤ በዚህ ከተማ ኪራይ የፈለገ ሰው ሁሉ ሁለቱ አንድ ዓይነት ራስ ምታት እንደሚሰጡ ያውቃል፤

ከተማውን ዞርሁት ደላላ አስከትዬ፣
ግጥሜንም አቆምሁት ቤት አጣሁኝ ብዬ።

አሁን ስለ ቀዩ ጥያቄ።

አንድ መምህራችን ሰምና ወርቅ የተንኮል ቋንቋ ነው፤ ዘመናዊ ኑሮ ግልጽ ንግግር ይሻል፤ ይሉናል። ለዚህም አሜሪካዊውን ዶናልድ ሌቪንን ያነሣሉ፤ እርሱ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው “ዋክስ ኤንድ ጎልድ” በተባለው መጽሐፉ ይህን ሁለት ገጽ ያለውን አነጋገር መርምሯልና። መምህሬን አከብራለሁ፤ ግማሽ እውነትም አላቸው። ወርቁን ለራሱ ይዞ ሰሙን ለሌላው የሚሰጥ ሰው ተንኮለኛ ነው። የቀልድ ግጥም ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰውየው ወርቁን የሚደብቀው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በሁሉ ፊት ይከፍተዋል፤ አዳራሹም አብሮ ይስቃል። ሳቅ ማለት ወርቁ ለሁሉም እኩል መድረሱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ነው። ያልሳቀ ሰው ካለ አጠገቡ ያለው ይነግረዋል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ንግግር አላውቅም።

“ሽሮው ማነው?” የሚለው ጥያቄ ግን ከአዳራሽ አልመጣም። ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። በንጉሡም በደርጉም ዘመን አንድ ስንኝ ከመታተሟ በፊት ሳንሱር ፊት ቀርባ “አንቺ ማነሽ? ከማን ጋር ነሽ?” ትባል ነበር። ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ተሽሯል። በሕግ ይሻር እንጂ ከየራሳችን ግን አልወጣም፤ እንደ ምግብ ቤታችን ሽሮ በየቀኑ ይቀርባል። የዛሬው መራጭ ማንም አላዘዘውም፤ ደመወዝም አይከፈለውም፤ በገዛ ጾሙ ይፈራል። የሚፈራውም እኔን አይደለም፤ አንድ የማይታወቅ ሰው በአንድ የማይታወቅ ቀን “ይህ እኔን ነው” ብሎ እንዳይነሣ ነው። እኔ የምለው፣ ስለ ሽሮ የተጻፈ ግጥም ሰምቶ “ይህ እኔን ነው” የሚል ሰው ካለ፣ ተነሥቶ ይናገር፤ ግጥሙ ካሰብሁት በላይ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቀልደኞችን ሁሉ ልከላከል አልመጣሁም። መራጮቹን የፈሩ እንዲሆኑ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ እኛው ነን። በየዶርሚቶሪው ግድግዳ ላይ የሚጻፈውን አንብቡ። ግማሹ የሴት ተማሪዎችን መልክ ይሳደባል፤ ግማሹ የሰውን አነጋገር ያሾፋል፤ ቤት ስለ መታ ብቻ ግጥም ይባላል። የኔም እጅ ንጹሕ አይደለም። አንደኛ ዓመት ሳለሁ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ፣ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር አንድ የመኝታ ጓደኛ ነበረኝ። አንዲት ፊደል በአፉ ውስጥ ትለወጥ ነበር፤ ፊደሏ ስትለወጥም ቃሉ ሌላ ትርጉም ይሰጥ ነበር። እኔ ይህን ይዤ አራት ስንኝ ጻፍሁ። ዶርሚቶሪው ሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በክፍል ውስጥ እጁን ሲያነሣ አላየሁትም፤ ወሰነ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ መምህሩ ሲጠይቁት “አላውቅም” ይል ነበር። ያውቅ ነበር። አጠገቡ ስለምቀመጥ ደብተሩን አይቻለሁ።

ስንኞቹን እዚህ አልደግማቸውም። በሙያ በኩል ብናያቸው እንከን አልነበረባቸውም፤ ቤታቸው ይመታል፣ ቀለማቸው ልክ ነው፣ ጨዋታውም በጆሮ ይሠራል። ይህ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። ሁለት ዓመት ቈይቶ፣ ይቅርታ ከጠየቅሁት በኋላ፣ በእናቱ ቋንቋ የሚያስቅ ግጥም እንዳላቸው ነገረኝ፤ አንዱንም ወደ አማርኛ ሊተረጉምልኝ ሞከረ። ሲተረጐም ቀልዱ ሞተ። ምን ያህል እንደሚያስቅ ሊያስረዳኝ ሲታገል፣ እኔም ለመሳቅ ስታገል፣ በመጨረሻ ሁለታችንም በሬሳው ላይ ሳቅን። ያን ጊዜ የገባኝ፣ እኔ በጻፍኋት ቀን እሱ በአማርኛ መልስ ሊሰጠኝ የማይችል መሆኑን ነው። ፉከራን ስገለብጥ ፉከራ ይመልስልኛል፤ ታላቁን ባለቅኔ ስገለብጥ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይስቅብኛል፤ ሽሮም ቢሆን በማግስቱ ይበቀለኛል። ያ ልጅ ግን በምን ይመልስልኝ? መራጮቹ ይህን ዓይነቱን ቀልድ ቢመልሱት ኖሮ እጃቸውን እስማለሁ። የሚያስገርመው፣ ባለፈው ዓመት ምሽት ላይ የሰው አነጋገር እያስመሰለ ያሳቀ ተናጋሪ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ ያን ጊዜ “ይሄ ማነው?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሁለት ሰዓት የእንባ ፕሮግራም ውስጥ ግማሽ ሰዓት ለሳቅ ይሰጠን። ግልባጭ የሚያቀርብ ሰው በመጀመሪያ ዋናውን ግጥም፣ የደራሲውን ስም ጠርቶ፣ በቃሉ ይውጣ፤ ከዚያ ግልባጩን ያንብብ። ዋናውን በቃሉ የማይወጣ ከመድረክ ይውረድ። በጽሕፈት ቤት እንኳ ግልባጭ ያለ ዋናው አይሄድም። በዚህ መንገድ ቢያንስ በአንድ ምሽት አሥር የታላላቆቻችን ግጥሞች በትክክል ሲነበቡ እንሰማለን፤ በትካዜው ፕሮግራም ይህን አግኝተን አናውቅም። ከመራጮቹም መካከል አንድ ከቅኔ ቤት የመጣ ተማሪ ይጨመር፤ በግቢያችን አሉ፤ ወርቅ በሌለበት ወርቅ እንደማይፈልጉ እተማመንባቸዋለሁ።

የተመለሰችውን ሦስተኛዋን ወረቀት ነገ ጧት ለመራጮቹ እመልሳታለሁ። ሌላ ምንም አልቀየርሁም፤ ከቀዩ ጥያቄ ሥር ብቻ በሰማያዊ እስክሪፕቶ መልስ ጨምሬበታለሁ፤

ሽሮው ማነው ብሎ የጠየቀኝ ዳኛ፣
ጾሙን ውሎ ወጣ ምሳ በልተን እኛ።